የውሃ ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ሮቷችሁን ክፈቱ

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፣ ሲመጣ ሮቶው ይሞላል ሲጠፋ ከሮቶው እየቀዳን እንቆያለን፣ መሃል ከተማ ያላችሁ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰዉ ኢንቦክስ እየገባ "የቱን ማጣሪያ ልግዛ" እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ይለይለት። ሪቪው የማደርገው ሶስት ነገር ነው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሸጡትን ከሲንክ ስር የሚገጠም ማሽን፣ አር ኦ የሚሉትን (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን እያሳለፈ የሟሟ ማዕድን የሚያስቀር ነው)፣ ከዛ እኔ ገዝቼ የምጠቀምበትን ሁለት ባልዲ ተደራርቦ መሃሉ ላይ ነጭ ሴራሚክ ያለውን ማጣሪያ፣ ከዛ ደግሞ ሮቶ የሚያጥቡትን ልጆች። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፣ መሃል አዲስ አበባ ለሚኖር አብዛኛው ሰው ማሽኑ አያስፈልገውም፣ ሴራሚኩ ይበቃዋል፣ ከሁለቱም በፊት ግን ሮቶው መታጠብ አለበት።

መጀመሪያ ማሽኑ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ አሻሻጡን ግን እነግራችኋለሁ ምክንያቱም ነገ እናንተም በር ላይ ሊመጡ ይችላሉ። ጎረቤቴ ጠርታኝ ነው የገባሁት፣ ሽክ ያለ ልጅ ሁለት ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧል፣ አንዱ የቧንቧችን ውሃ ሌላው ማሽኑ ያጣራው። ከቦርሳው አራት የብረት ዘንግ የወጣለት ሶኬት ላይ የሚሰካ እቃ አወጣና ዘንጎቹን ሁለቱም ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ ሰካው። ብዙም አልቆየ፣ የቧንቧው ውሃ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዛ ቡናማ ሆነ፣ ከዛ ጥቁር አረንጓዴ ዝቃጭ ከታች ተጠራቀመ ከላይ ደግሞ አረፋ ያዘ፣ የማሽኑ ውሃ ጥርት እንዳለ ቀረ። የጎረቤቴ እናት እዛው ተቀምጠዋል፣ ልጁ ዞር ብሎ "እማማ፣ ለልጅ ልጆችዎ የሚያጠጡት ይሄንን ነው" አላቸው። እሳቸው "በስመ አብ!" ብለው ደነገጡ፣ ወዲያው "ስንት ነው ዋጋው" ማለት ጀመሩ። በጣም ነው የተናደድኩት።

ምክንያቱም ያ ዝቃጭ ከውሃው የወጣ አይደለም፣ ከዘንጉ ነው የወጣው። ኤሌክትሪክ በብረት ዘንግ በኩል ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ብረቱ ራሱ ይሟሟል፣ ያ ቡናማ ነገር ዝገት ነው በቃ። ኤሌክትሪኩ እንዲያልፍ ደግሞ ውሃው ውስጥ የሟሟ ማዕድን መኖር አለበት፣ ማሽኑ ማዕድኑን ስላወጣው የሱ ውሃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም፣ ስለዚህ ዘንጉ አይሟሟም ውሃውም አይጠቁርም። ልጁን "እስቲ ማሽኑ ባጣራው ውሃ ላይ ቆንጠር አድርገህ ጨው ጨምርና ድገመው" አልኩት፣ "እሱማ ሌላ ነገር ነው" ብሎ እቃውን መሰብሰብ ሲጀምር እማማ ናቸው "ቆይ ልጄ እንየው እንጂ" ያሉት፣ ጨው አመጡ፣ ሰካው፣ ከቧንቧው ውሃ የባሰ ጠቆረ። አምቦ ውሃ ብታደርጉበት ደግሞ ማዕድኑ ብዙ ስለሆነ ምን እንደሚመስል አስቡት፣ አምቦ ግን መርዝ ነው የሚል ሰው የለም።

ሁለተኛው ዘዴያቸው ያቺ እስክሪብቶ የምትመስል ቁጥር የምታሳይ መለኪያ ናት። እሷ እንኳን የውሸት እቃ አይደለችም፣ ጥያቄው ምንድነው የምትለካው ነው። የምትለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ነው፣ ከሱ ተነስታ የሟሟ ማዕድን በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ትገምታለች። ጀርም መኖር አለመኖሩን አታውቅም፣ የፍሳሽ ውሃ መግባቱን አታውቅም፣ ውሃው ሳሙና ይያዝ አይያዝም አታውቅም። ልጁ ከ50 በላይ ከሆነ ለኩላሊት አደጋ ነው ሲል ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን የሟሟው ማዕድን ከ600 ሚሊግራም በታች የሆነ ውሃ ጣዕሙ ጥሩ ነው ነው የሚለው፣ ከ1000 ሲያልፍ ነው ለመጠጣት ደስ የማይለው። የኛ ቤት ቧንቧ ከ100 ብዙም አልዘለለም።

ቁጥሯ ብቻዋን ምንም እንደማትነግራችሁ እዚሁ መሃል ከተማ ማስረጃ አለ፣ ፍልውሃ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም አካባቢ ሰፈሩን የወደዱበት ያ ከመሬት ስር ፈልቶ የሚወጣው ውሃ የሟሟ ማዕድኑ ከቧንቧ ውሃችን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ግን አብዛኛው ሶዲየምና ባይካርቦኔት ነው፣ ካልሲየምና ማግኒዥየሙ ትንሽ ነው። ሳሙና አልያዝ የሚያሰኘው ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ብሎም ውሃው ለሳሙና ለስላሳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ወደ ጠጣርነቱ ልምጣ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዥየም ወደ መብዛቱ፣ ብዙ ሰው "ውሃችን ጨው አለው፣ ፀጉሬን ጨረሰው" ስለሚል። የከተማችን ውሃ ከሁለት ዓይነት ቦታ ነው የሚመጣው። አንዱ የግድብ ውሃ ነው፣ ገፈርሳ በ1930ዎቹ የተሰራው፣ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዛ ድሬ፣ ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው። እነዚህ የደጋ ዝናብ ውሃ ናቸው፣ ድንጋይ ውስጥ ብዙ ስላልቆዩ ካልሲየማቸው ትንሽ ነው፣ ለስላሳ ውሃ ነው። ሌላው የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ዋናው አቃቂ በኩል ያለው፣ ይሄኛው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሃል ለረጅም ጊዜ ሲጓዝ ማዕድን ይዞ ነው የሚወጣው። በከተማው ውስጥም በየቦታው የተቆፈሩ ጉድጓዶች አሉ። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ውስጥ "ውሃው ጠጣር ነው ወይስ አይደለም" ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የሌለው፣ ሰፈር ይለያያል።

እህቴ አቃቂ ቃሊቲ ነው ያለችው። የሷን የውሃ ማፍያ ክዳን ስትከፍቱ ከታች ያለው ብረት እንደ እንቁላል ቅርፊት የተሰነጣጠቀ ነጭ ነገር ለብሷል፣ በጥፍር ስትነኩት ይላጣል፣ ሻይ ስታፈላ ብርጭቆው ላይ ስስ ሽፋን ይንሳፈፋል፣ ጀበናዋ እንኳን አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት አለው። የኔ ማፍያ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ሆኖ ግርጌው ገና ብረቱ ያበራል። እሷ የምታየው ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ ውሃው ሲፈላ ባይካርቦኔቱ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ወደ ኖራ ድንጋይ ተለውጦ ይረጋል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። መፍትሄውም ርካሽ ነው፣ አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል ቀላቅላችሁ ማፍያው ውስጥ አፍሉና ትንሽ አስቀምጡት፣ ሲፍለቀለቅ ታዩታላችሁ፣ ከዛ ደፍታችሁ አንዴ በንፁህ ውሃ አፍልታችሁ ድፉት። ሎሚም ይሰራል። ቦይለር ላላችሁ ግን ጉዳዩ ከበድ ይላል፣ ያ ነጭ ነገር ማሞቂያው ላይ ሲጋገር መብራት ይበላል ማሞቂያውንም ያቃጥለዋል፣ እሷ ቧንቧ ሰራተኛ ጠርታ አስጠርጋዋለች።

ለጤና ግን አትጨነቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጠጣርነት በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ጣሪያ የለም፣ እንዲያውም ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ናቸው። የልብስ፣ የፀጉር፣ የማሽን ጉዳይ ነው። ማኪያቶ ማሽን ያላችሁ ካፌዎች ለብቻችሁ ናችሁ፣ እናንተ በጨው የሚታደስ ማለስለሻ ያስፈልጋችኋል ማሽናችሁ እንዳይዘጋ፣ እሱ ካልሲየሙን በሶዲየም ነው የሚለውጠው።

የራሳችሁን ውሃ በነፃ ማየት ትችላላችሁ፣ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ ግማሹን ውሃ ሙሉት፣ ተራ የልብስ ሳሙና ፍቃችሁ ጨምሩና ከድናችሁ በደንብ ናጡት፣ ከላይ ወፍራም አረፋ ይዞ ከታች ያለው ውሃ ጠራ ካለ ለስላሳ ነው፣ አረፋው ቶሎ ጠፍቶ ውሃው ወተት ከመሰለና ነጭ ፍርፋሪ ከተንሳፈፈ ጠጣር ነው። በኦሞ ወይ በፈሳሽ ሳሙና አትሞክሩት፣ እነሱ በጠጣር ውሃም አረፋ ያወጣሉ። በቁጥር ማወቅ የሚፈልግ የወረቀት መመርመሪያውን ይግዛ፣ ጠጣርነቱ በሊትር እስከ 60 ሚሊግራም ከሆነ ለስላሳ፣ ከ120 ሲያልፍ ጠጣር፣ ከ180 ሲያልፍ በጣም ጠጣር ይባላል። የኔ ወረቀት የመጀመሪያው ምድብ ላይ ነው የቆመው። ታዲያ ለስላሳ ውሃ ለማለስለስ ማሽን ምን ይሰራልኛል?

ማሽኑ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ልብ በሉልኝ። የሚሰራውን ነገር በደንብ ይሰራል፣ ጨው ያወጣል፣ ጠጣርነት ያወጣል፣ ፍሎራይድ ያወጣል። ስምጥ ሸለቆ ላይ፣ ዝዋይ፣ ወንጂ፣ መተሐራ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ዘመድ ካላችሁ፣ የልጆች ጥርስ ቡናማ የሚሆነው በፍሎራይድ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ እዛ ይሄ ማሽን ዋጋውን ያወጣል፣ ማፍላትም ሴራሚክም ፍሎራይድን አያወጣውም። መሃል አዲስ አበባ ፈረቃ ላይ ላለ ቤት ግን ነገሩ አይገጥምም። አንድ ሊትር አጣርቶ ለመስጠት ሁለት ሶስት ሊትር፣ አንዳንዱም ከዛ በላይ፣ ወደ ፍሳሽ ይደፋል፣ ይሄን ሻጩ በራሱ አፍ አልነገረንም፣ ጎረቤቴ "ይቺ ቀጭን ቱቦ ወዴት ነው የምትሄደው" ብላ ስትጠይቅ ነው የተናገረው። ጀሪካን ተሸክመን ፎቅ የምንወጣ ሰዎች ያን ያህል ውሃ የምንደፋበት ምክንያት የለንም። ግፊት ይፈልጋል፣ ግፊት ከሌለ ፓምፕ፣ ፓምፕ ካለ መብራት። ከዛ የመጀመሪያዎቹ ፊልተሮች በየስድስት ወሩ ገደማ ይቀየራሉ፣ ያልተቀየረ ፊልተር ደግሞ ራሱ የጀርም ቤት ነው። የግድ የምትገዙ ከሆነ ስለ ማሽኑ ዋጋ ብቻ አትከራከሩ፣ የፊልተሩን የዓመት ወጪ በወረቀት አስጽፉ።

አሁን ወደ እውነተኛው ችግራችን። ውሃው ከማጣሪያ ጣቢያ ሲወጣ ክሎሪን ይዞ ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ጣጣው። ፈረቃው ሲያልቅ መስመሩ ባዶ ይሆናል፣ ባዶ ቧንቧ ደግሞ በተሰነጠቀበት በኩል ከውጪ ያለውን ይስባል፣ ዙሪያው የፍሳሽ መስመር ካለ እሱንም ጭምር። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ በግፊት የድሮውን የብረት ቧንቧ ዝገት ያነሳዋል፣ ለዛ ነው መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ የሚሆነው። ያንን ወደ ሮቶ አታስገቡት፣ እስኪጠራ ወደ ባልዲ ቅዱት፣ ለሽንት ቤት ይሆናል። ነጭ ሆኖ ሲመጣ ግን አትደንግጡ፣ ብርጭቆ ውስጥ ቀድታችሁ ጠብቁት፣ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ ክሎሪን ውሃ አያነጣም። የክሎሪን ሽታ የሚረብሻችሁ ደግሞ በጆግ ቀድታችሁ ክፍቱን አስቀምጡት ይሄዳል፣ ግን እኔ ቧንቧው ትንሽ ሲሸተኝ ደስ ነው የሚለኝ፣ ቤታችሁ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን መቅረት አለበት ይባላል፣ ሽታው ጭራሽ ሲጠፋ ነው የሚያሰጋው።

እና ሮቶው። የኛ ብሎክ ሮቶ ሲከፈት እኔም አብሬ ወጥቼ አይቻለሁ። ክዳኑ ተሰንጥቆ በፌስታል ታስሯል፣ ውስጡ ግርጌው ላይ እግር የሚውጥ ቀይ ጭቃ፣ ግድግዳው ላይ እጅ ሲነካው የሚያሟልጭ ነገር፣ ከጎን በኩል የእርግብ ላባ። የምንጠጣው ከዚህ ነው! ለገዳዲም ገፈርሳም ምን ያህል አጣርተው ቢልኩት እዚህ ሲደርስ ክሎሪኑ ያልቃል ጀርሙ ይራባል። ስለ ኩላሊትና ስለ ጨው ማሽን ስንከራከር የከረምነው ከዚህ ጭቃ በታች ቁጭ ብለን ነው።

ያጠቡልን ልጆች ስራ ጎበዞች ናቸው፣ ጭቃውን በባልዲ አውጥተው፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍገው፣ ሁለቴ አለቅልቀው፣ ስንጥቁን ክዳን በአዲስ ለውጠው በቀዳዳው ላይ ወንፊት አስረውልናል፣ ለጉልበታቸው አምስት ከአምስት። ያልወደድኩት መጨረሻ ላይ ሽቶ ያለው በረኪና በግምት ሊያፈሱ ነበር፣ ስናገራቸው ተዉት። ለውሃ ሽቶ የሌለው ነው የሚሆነው፣ ጠርሙሱ ላይ 5 ፐርሰንት የሚል ከሆነ ለ1000 ሊትር ሮቶ 1 ሊትር ነው፣ ሞልታችሁ አንድ ቀን ታስቀምጡታላችሁ፣ ያን ውሃ አትጠጡትም፣ በየቤቱ ቧንቧ ከፍታችሁ ትደፉታላችሁ፣ መስመሩም አብሮ ይታጠባል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ ማንም ሰው ብቻውን ሮቶ ውስጥ እንዳይገባ፣ በረኪና የተደረገበት ሮቶ ውስጥማ ጭራሽ። ዋጋው በብሎኩ ቤት ሲካፈል ከአንድ እሽግ የታሸገ ውሃ ብዙም አልበለጠም፣ ከባዱ ነገር ጎረቤት ማስማማቱ ነው፣ እኛን እማማ ናቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ያዋጡን።

ከዛ በኋላ ነው ሴራሚኩ። የገዛሁት ፒያሳ ነው፣ ከማሽኑ ዋጋ አስረኛውን አይሞላም፣ መብራት አይፈልግም፣ ውሃ አይደፋም። ከላይኛው ባልዲ ትሞላላችሁ፣ በሴራሚኩ ቀስ ብሎ ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል። ቀዳዳዎቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ጭቃውን፣ ባክቴሪያውን፣ አሜባና ጃርዲያውን ይይዛል። ቫይረስ ላይ አትመኑት፣ ጠጣርነትና ፍሎራይድም አይነካም። ቀርፋፋ ነው፣ ማታ ሞልቼ ነው የማድረው፣ ቤተሰቡ ትልቅ ከሆነ ሁለት ሴራሚክ ያለውን ውሰዱ። ክረምት ላይ ቶሎ ይደፈናል፣ ስታወጡት ነጩ ሴራሚክ የቡና ቀለም ይዟል፣ በለስላሳ ስፖንጅ በንፁህ ውሃ ብቻ ታሹታላችሁ፣ ሳሙና ከነካው ጣዕሙ አይለቅም። ከወደቀና ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካያችሁ በቃ ጣሉት፣ ውሃው በስንጥቁ ሳይጣራ ነው የሚያልፈው። ደካማ ጎኑ የታችኛው ቧንቧ ነው፣ ፕላስቲክ ነው፣ የኔ ማንጠባጠብ ጀምሮ በብረት አስቀይሬዋለሁ። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ።

ጨቅላ ህፃን ወይ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ካጣራችሁት በኋላም አፍሉት። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከ2000 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የሚመከረው እየተንተከተከ 3 ደቂቃ ነው፣ ፈላ ብላችሁ ወዲያው አታውጡት። ማፍላት ካልቻላችሁ ውሃ አጋር የሚባለው የክሎሪን ፈሳሽ አለ፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ግን ሴራሚካችሁ ውስጡ ከሰል ያለው ከሆነ ክሎሪኑን ስለሚያስቀረው ውሃ አጋሩን ከተጣራ በኋላ ነው የምትጨምሩት እንጂ ከላይኛው ባልዲ አይደለም።

ልትገዙ ስትሄዱ ባለሱቁን መለዋወጫ ሴራሚክ ለብቻው እንዳለው ጠይቁት፣ ከሌለው ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሴራሚኩን ከካርቶኑ አስወጥታችሁ ዙሪያውን በጣት ዳስሱት፣ ከፕላስቲኩ ጋር የተጣበቀበትን ቦታ በደንብ እዩት፣ እሱ ጋ ነው ቶሎ የሚለቀው። ውሃ እንዳያፈስ መገጣጠሚያው ላይ የምትገባዋ ጎማም መኖሯን አረጋግጡ።